ጡሩምባና ጉንጭ
(ስለ ነፊዎች ፊትና ስለ ተረባቸው)

ጡሩምባ የሚነፋ ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ከሌላው የሙዚቃ ሰው ሁሉ ይልቅ ፊቱ ለሣቅ የተጋለጠ ነው። ክራር የሚደረድር ሰው ዐይኑን ጨፍኖ አንገቱን ዘንበል ቢያደርግ በዜማው ተመሰጠ ይባላል፤ ማሲንቆ የሚመታውም አፉ ነጻ ስለ ሆነ እየዘፈነ ፈገግ ሊል ይችላል። የነፊው መሣሪያ ግን ያረፈው ከፊቱ ላይ ነውና፣ ከንፈሩ ተሰብስቦ፣ ቅንድቡ ተሰቅሎ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ሥዕሉ በወጣ ጊዜ ያየው ሁሉ «ምን ነካው?» ይላል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የማስበው ይህ ፊት እንዴት እንደሚመጣና ነፊዎች እርስ በርሳቸው በዚሁ ፊት ሲተራረቡ ምን እየተባባሉ እንደ ሆነ ነው። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም የፊዚክስና የባዮሎጂ ትምህርታችንን ስለሚነካ፣ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ቦታ ቢያገኝ የሚያሳፍር አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ድምፁ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ጡሩምባ የሚጮኸው አየር በቱቦው ውስጥ ስለሚያልፍ ብቻ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። አንድ ሰው ጡሩምባ አንሥቶ እንደ ሻማ ማጥፊያ እፍ ቢልበት ከነፋስ ሽውታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ድምፁን የሚፈጥረው ከንፈር ነው። ነፊው ሁለቱን ከንፈሮቹን ገጥሞ ትንፋሹን በመካከላቸው ሲገፋ ከንፈሮቹ በፍጥነት ይርገበገባሉ፤ ይህም መርገብገብ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያንቀጠቅጠዋል። የሙዚቃ ሰዎች መሣሪያቸውን የሚያስማሙበት «ላ» የተባለው ድምፅ በአንድ ሰኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ነው። እንግዲህ ነፊው ይህን ድምፅ ሲያወጣ ከንፈሩ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ቀጭ እስኪል ድረስ 440 ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራ ከንፈር ለፎቶግራፍ አማረ አላማረ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ከወዴት ያገኛል?

የቱቦው ሥራ ይህን የከንፈር ድምፅ ማጉላትና ልክ ማስያዝ ነው። የተለመደው ጡሩምባ ጥቅልሉ ተፈትቶ ቢዘረጋ ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ትሮምቦን የዚህን እጥፍ ያህል ነው፤ ትልቁ ቱባ ደግሞ የትሮምቦንን እጥፍ፣ ይኸውም ወደ አምስት ሜትር ተኩል ይደርሳል። ቱቦው በረዘመ መጠን ድምፁ ይወፍራል። በጡሩምባው ላይ ያሉት ሦስት ቁልፎች ሲጫኗቸው ተጨማሪ ቱቦ ይከፍታሉ እንጂ ሌላ ተአምር አይሠሩም። በትሮምቦን ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሳበው ቱቦ ነው፤ በሰልፍ ጊዜ ከትሮምቦን ነፊ ፊት የቆመ ሰው ማጅራቱን እንዲጠብቅ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን በቤቱ ለመፈተን የሚፈልግ ተማሪ ገንዘብ አያስፈልገውም። አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል የውሃ ጎማ ይፈልግ፤ ሃይላንድ የምንለውን የውሃ ፕላስቲክ ከአንገቱ በታች ቆርጦ አንገቱን በጎማው ጫፍ ላይ ይግጠመው። በሌላው ጫፍ ከንፈሩን ገጥሞ እንደ ንብ እያርገበገበ ይንፋ። ድምፅ ይሰማል፤ ከብት የጮኸ ይመስላል እንጂ ድምፅ ነው። ቀጥሎም ጉንጩን እንደ ፊኛ ነፍቶ እንደገና ይሞክር። የከንፈሩ ዳርና ዳር ሲላላ፣ ድምፁም ሲንቀጠቀጥና ሲወርድ ያን ጊዜ ይረዳዋል። እኔ ይህን የሞከርሁት እናቴ ቡና እያፈላች ሳለ ነበርና ስለ ውጤቱ የተሰጠኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

የዚህም ምክንያት በሰውነታችን አሠራር ውስጥ ይገኛል። በከንፈራችን ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚዞር ጡንቻ አለ። በጉንጫችን ውስጥ ደግሞ ከመንጋጋ ተነሥቶ እስከ ከንፈር ማዕዘን የሚደርስ ሌላ ጡንቻ አለ፤ ይህም በሐኪሞች ዘንድ «ቡክሲናቶር» ይባላል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው «ጡሩምባ ነፊ» ማለት ነው። ስለዚህ ከመካከላችን ጡሩምባ በዐይኑ ያላየ ቢኖር እንኳ በግራና በቀኝ ጉንጩ አንዳንድ ጡሩምባ ነፊ ተሸክሞ ይዞራል። የዚህ ጡንቻ ሥራ ጉንጭን ወደ ጥርስ አስጠግቶ መያዝ ነው። ጉንጭ ሲነፋ ጡንቻው ይለጠጣል፤ ከንፈርን ከዳር ይዞ የሚያጠብቀው ኃይልም ይላላል። ቀጭኑን፣ ከፍተኛውን ድምፅ ለማውጣት ደግሞ የሚያስፈልገው የጠበቀ ከንፈር ነው። በየአገሩ ያሉ የጡሩምባ መምህራን «ጉንጭህን አትንፋ» እያሉ ተማሪን የሚያሰለቹት ስለዚህ ነው። ወፍራም ድምፅ ባለው በቱባ ላይ ግን ነገሩ ይህን ያህል አይከብድም፤ ከንፈሩም ላላ ይላል፤ ትንፋሹም ብዙ ነው።

መንፋት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር ነገሥታት ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ መለከትና እምቢልታ ከነጋሪት ጋራ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ክብር ምልክቶች ነበሩ። መለከት እንደ ጡሩምባ በከንፈር መርገብገብ የሚጮህ ሲሆን፣ እምቢልታ ግን ትንፋሽ በአፉ ጠርዝ ላይ ሲያልፍ የሚጮህ የዋሽንት ወገን ነው። የጣት ቀዳዳ የለውምና አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሦስት ሰዎች ሆነው አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ዜማውን ይሞሉታል። የአውሮፓ የናስ መሣሪያዎች ወደ እኛ የመጡት ግን ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ መሣሪያዎቹን በስጦታ ላኩ፤ ሚሌቭስኪ የተባለ የፖላንድ ተወላጅም የመጀመሪያዎቹን ነፊዎች አስተማረ። ቀጥሎ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም የሚኖሩ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ያሉበትን የናስ ባንድ ሰምተው ወደዱትና ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህም በታሪካችን «አርባ ልጆች» እየተባሉ የሚጠሩት ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማው የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የናልባንዲያን ሥራ ሲሆን፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

የቀድሞ ባንዶች በማኅበር የተነሡትን ፎቶግራፍ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ነፊዎቹ የደንብ ልብሳቸውን አሣምረው፣ መሣሪያቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወይም በብብታቸው ይዘው፣ አፋቸውን ዘግተው ይታያሉ። ሲነፉ የተነሣ ጥቂት ነው። ፎቶግራፍ ብርቅ ነበርና ሰው በሚያምርበት ፊቱ መነሣትን ይመርጥ ነበር። ዛሬ ግን ሁሉ ሰው በኪሱ ካሜራ ይዞ ስለሚዞር፣ ነፊው ፊቱን ሳያዘጋጅ በሥራው መካከል ይያዛል። ተረቡም የበዛው ከዚህ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ለዚህ በቅርብ የማውቀውን ምሳሌ ላምጣ። የአጎቴ ልጅ ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ጎንደር ከተማ ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል፤ እዚያም በአንድ የማርሽ ባንድ ጡሩምባ ይነፋል። ሰው ሥራውን ቶሎ አልተረዳለትም። በመጀመሪያው ዓመት ለፋሲካ ወደ እኛ ቤት መጥቶ በጓሮ ሲለማመድ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተጣደፉ ከበራችን ደረሱና «ልጄ፣ ማን ዐረፈ?» ብለው ጠየቁት። በብዙ ከተሞቻችን ጡሩምባ የእድር መልእክተኛ ነውና አልፈርድባቸውም። እናቴ ደንግጣ ወጥታ «ኧረ እማማ፣ ማንም አልሞተ፤ የወንድሜ ልጅ ሙዚቃ እያጠና ነው» ስትላቸው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው «ታዲያ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ከፍታት በፊት ነው ከፍታት በኋላ?» ብለው ሄዱ።

አምና በአንድ በዓል ሰልፍ ላይ ሲነፋ ጓደኛው ከጎኑ ሆኖ በስልክ አነሣው። የልብሱ ወርቀ ዘቦና የጡሩምባው ብልጭታ ደስ ቢለው፣ ፊቱን ልብ ሳይል ሥዕሉን በስልኩ ላይ ከስሙ አጠገብ ለጠፈው። እንዲህ ያለውን ሥዕል ዛሬ ሁላችንም «ፕሮፋይል» እንለዋለን፤ ቃሉ ግን በመሠረቱ ከጎን የታየ ፊት ማለት ነውና የእሱ ሥዕል ለስሙ የታመነ ነበር። ጉንጩ ከጆሮው እስከ አፍንጫው ድረስ ተወጥሮ እንደ ብርቱካን ያበራል።

ባልደረቦቹ ለመናገር አልዘገዩም። ትሮምቦን የሚነፋው «ጤፍ የተወደደበት ምክንያት ተገኘ፤ ሁለት ኩንታል በግራና በቀኝ ጉንጩ ደብቆ ይዟል» ሲል፣ ባለ ቱባው «ንግድ ቢሮ ሳይሰማ ጎተራውን አራግፍ» አለ። ከበሮ መቺው «ሰፈራችን ያለው አንጥረኛ ወናፉ ጠፍቶበት ሲፈልግ ነበር፤ አንተ ዘንድ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ጡሩምባ ነፊ ደግሞ «መንጋጋህን አሞህ ከሆነ ለምን ደበቅኸን? ብርቱካን ይዘን እንጠይቅህ ነበር» አለ። የአጎቴ ልጅም ዝም አላለም፤ «እኔ በጉንጬ ሠርቼ እበላበታለሁ፤ የእናንተ ጉንጭ ከጉርሻ በቀር የሚያገለግለው የለም» ብሎ መለሰ። ሳክስፎን የሚነፋው ሊገባ ሲል ግን ሁሉም በአንድ ቃል «አንተ ሸምበቆህን አኝክ!» ብለው አስወጡት። ሳክስፎን ከናስ ቢሠራም ድምፁን የሚፈጥርለት ከአፉ ላይ የሚታሰር ስስ ሸምበቆ እንጂ ከንፈር ስላልሆነ፣ በመጻሕፍት የሚመደበው ከእንጨት ነፋሾች ወገን ነው። (ይህን ስል መሣሪያውን ማሳነሴ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ ጎፈር ደፍተው ሽለላና ፉከራውን በሳክስፎን ሲያስተጋቡት የሰማ ሰው ስለ ሸምበቆ አይቀልድም።)

እስከዚህ ድረስ የአጎቴ ልጅም እየሣቀ ነበር። በኋላ ግን ባንዱ ውስጥ ገና አዲስ የሆነ አንድ ልጅ የጭላዳ ሥዕል ከእሱ ሥዕል ጎን ገጥሞ ላከ። የስሜንን ተራሮች ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጭላዳ ሲቈጣ ወይም ሲፈራ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል። የአጎቴ ልጅ የላይኛው ከንፈር ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በዚሁ ምክንያት የወጣለትን ስም እኔ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ግን አልጠራውም። ጎተራ፣ ወናፍ፣ የጥርስ በሽታ ያሉት ሁሉ ሲነፋ ባደረገው ነገር ይቀልዱ ነበር፤ ይህኛው ግን ይዞት በተወለደው ነገር ቀለደ። በዚያ ሥዕል ላይ ማንም አልሣቀም። የአጎቴ ልጅ ፕሮፋይሉን አነሣው፤ ሁለት ልምምድም ቀረ። ለእኔም ደውሎ ጡሩምባውን መልሶ ወደ አገር ቤት ለመምጣት እንዳሰበ ነገረኝ።

በባንዱ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጡት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሽማግሌ በዚህ ጊዜ ምንም ዓይነት ተግሣጽ አልተናገሩም። በወጣትነታቸው ሲነፉ ከጎን የተነሡትን አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ከሣጥን አውጥተው፣ በልጃቸው ስልክ አስነሥተው ለባንዱ ላኩት። ጉንጫቸው ከአጎቴ ልጅ ጉንጭ ይበልጥ ነበር። ከሥሩም «ይህንንስ ጎተራ ማን ይሰፍረዋል?» ብለው ጻፉበት። በማግሥቱ ከባንዱ ሰዎች ገሚሱ ሲነፉ የተነሡትን መጥፎ መጥፎ ሥዕላቸውን እየመረጡ ከስማቸው አጠገብ ለጥፈው ተገኙ። ባለ ቱባው ዐይኑ ወደ ውጭ የወጣበትን፣ ባለ ትሮምቦኑ ምላሱ የታየበትን አመጡ። አዲሱም ልጅ የጭላዳውን ሥዕል አጥፍቶ፣ ከመልእክት ይልቅ በአካል ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። የአጎቴ ልጅ በሦስተኛው ልምምድ ተመለሰ።

እኔ ይበልጥ የገረመኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ጋሼ ያን የመጀመሪያውን ሥዕል እንዲያሳያቸው ጠየቁትና መነጽራቸውን አድርገው እንደ ሐኪም መረመሩት። «በሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቀጭን ድምፅ አወጣሃት?» አሉት። «አላወጣኋትም፣ ጋሼ፤ ተሰበረችብኝ። እንዴት ዐወቁ?» አላቸው። እሳቸውም በጣታቸው እያመለከቱ አስረዱት፤ ጉንጩ ስለ ተነፋ የከንፈሩ ማዕዘን ተከፍቷል፤ ማዕዘኑ ሲላላበት ደግሞ ድምፁን በኃይል ለማግኘት መሣሪያውን ወደ ፊቱ ጎትቷል፤ በጽዋው ዙሪያ ያለው ሥጋ ነጥቶ የሚታየውም ደም ስለ ሸሸው ነው። የትንፋሹም ወናፍ መሆን ያለበት ደረትና ሆድ እንጂ ጉንጭ አይደለም አሉት። ያ ሁሉ የጎተራና የወናፍ ተረብ ለካ ከሥዕሉ የተነበበ እርማት ነበር! ባለ ትሮምቦኑ ሁለት ኩንታል ጤፍ ሲል የአጎቴ ልጅ የሚሳሳትበትን ቦታ በትክክል ጠቁሟል።

ስለ ከንፈር መጫን የተናገሩት ቀላል ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1901 እስከ 1971 የኖረው ታላቁ አሜሪካዊ ጡሩምባ ነፊ ሉዊ አርምስትሮንግ «ሳችሞ» በሚል ስም ይታወቅ ነበር፤ ይህም «አፈ ከረጢት» እንደ ማለት ያለ የተረብ ስም ሲያጥር ነው። እሱም ስሙን ሳይጠላው በኩራት ይጠራበት ነበር። ከንፈሩ ግን ለብዙ ዘመን ከመጫን የተነሣ እየቆሰለ ያስቸግረው ነበር፤ በ1930ዎቹ ለወራት መንፋት ያቆመበት ጊዜ አለ። በከንፈር ዙሪያ ያለው የቀለበቱ ጡንቻ በመንፋት ብዛት ሲሰነጠቅ ሐኪሞች ዛሬም በእሱ ስም «የሳችሞ ሕመም» ይሉታል።

የአጎቴ ልጅ ግን የሚከራከርበት ነገር አላጣም። የዲዚ ጊሌስፒን ሥዕል አውጥቶ ለጋሼ አሳያቸው። ይህ ከ1917 እስከ 1993 የኖረ አሜሪካዊ ጡሩምባ ነፊ፣ ሲነፋ ጉንጩና አንገቱ እንደ እንቁራሪት የሚነፋ፣ የጡሩምባው አፍ ደግሞ ወደ ሰማይ የቀና ነበር። ጡሩምባው እንዲህ የሆነው በ1953 በአንድ ግብዣ ላይ ሰው ወድቆበት ስለ ተጣመመ ሲሆን፣ ቢነፋው የራሱን ድምፅ ይበልጥ የሚሰማ ስለ መሰለው ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ እንደዚያው አሠርቶ ይነፋ ነበር። «ዲዚ» የሚለውም ስም «ራሱ የዞረበት» እንደ ማለት ሲሆን፣ በቀልደኛነቱ የወጣለት ነው። በዓለም ከታወቁት የነፊ ሥዕሎች መካከል የእሱ ጉንጭ ሳይበልጥ አይቀርም። መምህራን ሁሉ አታድርጉ የሚሉትን አድርጎ፣ እጅግ ፈጣንና ቀጭን ዜማ በመንፋት አንቱ ተባለ።

ጋሼ ሥዕሉን አይተው ሣቁና «ከዚህ ሁሉ ሰውዬ ጉንጩን ብቻ መርጠህ ወሰድህ? ጣቱንስ ለማን ተውህለት?» አሉት። ቀጥለውም ጉንጭ በጨርሶ የማይነፋ ነገር እንዳልሆነ ነገሩት። ድምፅ ሳያቋርጡ ለብዙ ጊዜ የሚነፉ ሰዎች በጉንጫቸው ጥቂት አየር ይቋጥሩና እሱን ወደ ፊት እየገፉ ሳለ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። ያ ግን ዐውቆ መንፋት ነው፤ ጉንጩ የሚታዘዝ ነው። የአጎቴ ልጅ ጉንጭ ግን ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ፈቃድ የወጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ አንዲት ረዥም ድምፅ እየነፋ በጓደኛው ስልክ ከጎን ይነሣና ሥዕሉን ለጋሼ ይልካል። ማዕዘኑ ጠብቆ እንደ ሆነ፣ አገጩ ተዘርግቶ እንደ ሆነ፣ ጽዋው ከንፈሩን ተጭኖ እንደ ሆነ እሳቸው አይተው ይመልሱለታል። መልሳቸውም ሁልጊዜ አጭር ነው። ባለፈው ወር የላኩለትን አሳይቶኛል፤ «ግራው ጎተራ ባዶ ሆኗል፤ በቀኙ ግን ገና አንድ ቁና ያህል ይታየኛል» ይላል።